የሕጉ ቃልና የባለቤቱ ስም፤ በአሜሪካ የጤና መድን ሕግ ላይ ስለ ተነሣው የወገን ተቃውሞ

አንድ ሕግ በሸንጎ ፊት ቀርቦ ሲመረመር መርማሪው አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ሕጉ ምን ይላል፥ ማንን ይጠቅማል፥ ማንንስ ይጎዳል ብሎ ሲሆን፥ የፓርቲ መንፈስ በሠለጠነበት ሸንጎ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ ሕጉን ያመጣው ማን ነው የሚል ይሆናል። ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ በማርች 23 ቀን 2010 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው) ፊርማቸውን ያኖሩበት የአሜሪካ የጤና መድን ሕግ የደረሰበትን ዕጣ ስመረምር ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ተቃዋሚዎቹ አብልጠው የተነሡበት አንቀጽ አስቀድሞ በገዛ ወገናቸው ሊቃውንት ታስቦ፥ በገዛ ወገናቸው ሹማምንት ተደግፎ የኖረ ነውና።

አንቀጹ እያንዳንዱ ነዋሪ የጤና መድን ይግባ፥ ሳይገባ የቀረም መቀጫ ይክፈል የሚለው ነበር፤ መቀጫው ከ2019 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። ምክንያቱን ለማስተዋል የአገራችንን እድር ማሰብ ይበቃል፤ እድርተኛው ሁሉ በደኅናው ቀን መዋጮውን ሳይከፍል ኖሮ፥ ሐዘን ከቤቱ ከገባ በኋላ ብቻ ልመዝገብ የሚል ቢሆን የእድሩ ሣጥን ብዙ ሳይቆይ ባዶውን በቀረ ነበር። ሕጉ የመድን ኩባንያዎች አስቀድሞ የታመመውን ሰው እንዳይመልሱ ስለ ከለከላቸው፥ ጤነኛውንም ከበሽተኛው ጋራ በአንድ ማኅበር ማስገባት ግድ ሆነ። ይህን መላ በ1989 ዓ.ም. ያቀረበው ሄሪቴጅ ፋውንዴሽን የተባለው በዋሽንግተን የሚገኝ የወግ አጥባቂዎች የጥናት ተቋም ነው፤ በ1993 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ክሊንተንን ሰፊ የጤና ዕቅድ ለመመከት የሮድ አይላንዱ ሪፐብሊካን ጆን ቼፊ ባቀረቡት ረቂቅ ውስጥ ገባ፥ ሪፐብሊካኖቹ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ኦሪን ሃችና ቻርልስ ግራስሊም ስማቸውን በረቂቁ ላይ አኖሩ፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ሚት ሮምኒ በማሳቹሴትስ ሕግ አድርገው ፈረሙበት። ይኸው ሐሳብ ከ20 ዓመት በኋላ በዴሞክራቶች እጅ ተጽፎ ሲመጣ ግን፥ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት 60 ለ39፥ በሕግ መምሪያውም 219 ለ212 ሆኖ ሲያልፍ፥ ከሪፐብሊካን ወገን አንድ ድምፅ እንኳ አላገኘም፤ ሃችና ግራስሊ ተቃወሙት፤ ሮምኒም በ2012 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ሕጉን እሽረዋለሁ ብለው ቃል ገቡ።

የወገን ተቃውሞ ሁልጊዜ ይህን መልክ ይዞ አልኖረም። ለሽማግሎችና ለአሮጊቶች የተሠራው ሜዲኬር በ1965 ዓ.ም. ሲጸድቅ፥ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መንግሥታዊ መድንን ሶሻሊስታዊ ሕክምና ነው እያለ ከፕሬዚዳንት ትሩማን ዘመን ጀምሮ ሲዋጋው የኖረ ቢሆንም፥ 70 ሪፐብሊካን እንደራሴዎችና 13 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሪፐብሊካን አባላት ከደጋፊዎቹ ጋራ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ስለ ተለወጠው ልብ የሚመሰክር አንድ ጽሑፍ አለ፤ በዲሴምበር 1993 ዓ.ም. የሪፐብሊካን ወገን የፖለቲካ አማካሪ ዊልያም ክሪስቶል ለሪፐብሊካን መሪዎች በላኩት ማስታወሻ የክሊንተን ዕቅድ ይሻሻል ሳይሆን ፈጽሞ ይጥፋ ብለው መክረው፥ ከምክንያቶቻቸው አንዱን ሲገልጹ ዕቅዱ ከተሳካ ዴሞክራቶች የመካከለኛው መደብ ጠባቂ ተብለው እንደገና ይከበራሉ አሉ። ሕጉ ይጎዳል ከማለት ይልቅ ሕጉ ቢጠቅም ምስጋናው ለማን ይሆናል የሚል ስሌት በምክር ውስጥ ሲገባ፥ የሕዝብ ሕመም ከሸንጎው ወጥቶ ሄዷል ማለት ነው።

ስለ እውነት ለመናገር፥ ተቃውሞው ሁሉ ከዚህ ምንጭ የተቀዳ አይደለም። ፌዴራላዊው መንግሥት ነጻ ሰው መድን እንዲገዛ ማስገደድ ይችላልን የሚለው ጥያቄ የሕገ መንግሥት ጥያቄ ነበር፤ የወጪውም ነገር እንዲሁ። ያለውን መድን የወደደ ሰው ይዞት ይቀጥላል ተብሎ የተነገረው የኦባማ ቃል በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ሳይፈጸም ቀርቶ፥ ለብዙ ሰዎች መድናችሁ ተሰርዟል የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው፥ የተነሣውን ቁጣ ሐሰተኛ ቁጣ ነው የሚል ጸሐፊ ቅን ልቡና ይጎድለዋል። ነገር ግን ጉድለት የተገኘበት ሕግ ይታረማል፤ የእኔም ሐዘን የሚጀምረው ከዚህ ነው፥ ሕጉ የአንድ ወገን ሰንደቅ ዓላማ ከሆነ በኋላ ሊያርመው የሚደፍር አልተገኘምና።

ለዚህ ምስክር የሚሆነው በጠቅላይ ፍርድ ቤት ኪንግ በበርዌል ላይ ተብሎ የተሰማው ክርክር ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት የመድን ገበያ እንዲያቋቁም፥ ክፍለ ግዛቱ እንቢ ቢል ፌዴራላዊው መንግሥት በምትኩ እንዲያቋቁም አዘዘ፤ መድን ለሚገዙ ሰዎች ስለሚሰጠው ድጎማ በሚናገረው አንቀጽ ግን ክፍለ ግዛቱ ያቋቋመው ገበያ የሚል ቃል ብቻ ገብቶ ተገኘ። ከ30 የሚበልጡ ክፍላተ ግዛት የራሳቸውን ገበያ አላቋቋሙም ነበርና፥ ቃሉ እንደ ነጠላ ንባቡ ቢወሰድ በእነዚያ ግዛቶች የሚኖሩ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ሰዎች ድጎማቸውን ባጡ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ጉባኤ የተማረ ሰው ይህን ክርክር በቶሎ ያውቀዋል፤ ንባብን ከትርጓሜ ለይቶ፥ ኃይለ ቃሉንም ከመጽሐፉ ጠቅላላ ምሥጢር ነጥሎ መያዝ መምህራኑ የሚገሥጹት ስሕተት ነው። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስም በጁን 25 ቀን 2015 ዓ.ም. በ6 ለ3 ድምፅ የተሰጠውን ፍርድ ሲጽፉ፥ ሸንጎው ሕጉን ያወጣው የመድንን ገበያ ሊያሻሽል እንጂ ሊያፈርስ አይደለም በማለት ሰፊውን ትርጓሜ ያዙ። በደኅናው ዘመን ግን ይህ የአጻጻፍ ስሕተት ከዳኞች ፊት ባልደረሰም ነበር፤ አንዲት አጭር የማሻሻያ ሕግ ትበቃው ነበር። ሸንጎው ያችን ማሻሻያ አላወጣም፤ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት ግን ሕጉን ለመሻር በአሥር የሚቈጠር ጊዜ ድምፅ ሰጥቷል፥ በኦክቶበር 2013 ዓ.ም. በዚሁ ሕግ ጠብ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች 16 ቀን ተዘግተዋል።

ሌላው ክፍተት ከዚህ ይልቅ ይከፋል። በሕጉ ሐሳብ ድኻው ሁሉ ሜዲኬይድ በተባለው መንግሥታዊ የድኾች መድን ይታቀፋል፥ ከድኻው ከፍ ያለው ደግሞ በድጎማ መድን ይገዛል፤ ስለዚህ ገቢው ከድኽነቱ መስፈሪያ በታች ለሆነ ዜጋ የድጎማ አንቀጽ አልተጻፈለትም፥ ሜዲኬይድ አለው ተብሎ ታስቧልና። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 28 ቀን 2012 ዓ.ም. መቀጫውን በግብርነቱ ሲያጸድቅ፥ የሜዲኬይድን መስፋፋት ግን ለየክፍላተ ግዛቱ ፈቃድ ተወው። ፌዴራላዊው መንግሥት የመጀመሪያዎቹን 3 ዓመታት ወጪ በሙሉ፥ ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮም 90 በመቶውን እሸፍናለሁ እያለ ብዙ የሪፐብሊካን ግዛቶች እንቢ አሉ፤ ድኻው ለድጎማ እጅግ ድኻ፥ ለሜዲኬይድ ደግሞ ያልተፈቀደለት ሆኖ ከሁለቱም ወጥቶ ቀረ።

እንቢታው የሕዝቡ እንዳልነበረ የሚታወቀው ጥያቄው ያለ ፓርቲ ስም ለሕዝብ በቀረበ ጊዜ ነው። በ2018 ዓ.ም. አይዳሆ፥ ዩታና ነብራስካ፥ በ2020 ዓ.ም. ኦክላሆማና ሚዙሪ፥ በ2022 ዓ.ም. ደቡብ ዳኮታ፥ ሁሉም ለሪፐብሊካን ዕጩዎች የሚያደሉ ግዛቶች ሲሆኑ፥ በሕዝበ ውሳኔ ሜዲኬይድን አስፋፉ። ቴክሳስ ግን ሕዝቡ ራሱ በፊርማ አሰባስቦ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያቀርብበት ሥርዓት የላትም።

ይህ ነገር ከወገኖቻችን ደጅ የራቀ አይደለም። ዜግነት ያገኙ፥ ልጅ የሌላቸው፥ ገቢያቸውም ከድኽነቱ መስፈሪያ በታች የወደቀ ሁለት ኢትዮጵያውያን ወንድማማች፥ አንዱ በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ፥ ሌላው በቴክሳስ ሂውስተን ይኖራሉ እንበል። ቨርጂኒያ በ2018 ዓ.ም. በሁለቱም ፓርቲዎች ድምፅ ወስና ከጃንዋሪ 2019 ዓ.ም. ጀምሮ ሜዲኬይድን ስላስፋፋች የመጀመሪያው ቢታመም ሐኪም ያየዋል፥ መድኃኒቱም ይከፈልለታል። በቴክሳስ ግን ልጅ የሌለው፥ የአካል ጉዳትም የሌለበት ጎልማሳ የቱንም ያህል ድኻ ቢሆን በሜዲኬይድ አይታቀፍም።