የዛይ ቋንቋ በዝዋይ ደሴቶች እንዴት ኖረ?



ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ውሃ ካታር ወንዝ ገብቶ፣ ቁልቁል ተጉዞ ዝዋይ ሐይቅ እንደሚደርስ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ሐይቅ ላይ ግን እኛ አሰላዎች ዓሣውን እየበላን ታሪኩን እምብዛም የማናውቀው ሕዝብ አለ። እሱም የዛይ ሕዝብ ነው፤ ኦሮሞው «ላቂ» ይለዋል። ደሴቶቹ አምስት ናቸው፦ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ።

የዛይ አባቶች ሲተርኩ፣ ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ቱሉ ጉዶ መጡ፤ ታቦቱም ሰባ ዓመት ያህል ተቀምጦ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ካህናቱ ግን ከነዘራቸው ቀሩ ይላሉ። በደሴቲቱ ያለችው የደብረ ጽዮን ቤተ ክርስቲያንም የብራና መጻሕፍቷን እስከ ዛሬ ጠብቃለች። በግራኝ ዘመንም ከየብስ ሸሽቶ ወደ ደሴቶቹ የገባ ሰው እንዳለ ይነገራል።

ታዲያ ነገሩ እዚህ ላይ ይጠልፋል። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ዛይኛ የሴም ቋንቋ መሆኑ እውነት ነው፤ የቅርብ ዘመዶቹ ግን ትግርኛና ግዕዝ ሳይሆኑ ስልጥኛና የሐረር ከተማ ቋንቋ ናቸው። ከአክሱም የመጣ ሰው እንዴት የሐረርን ዘመድ ይናገራል? በበኩሌ ትረካውን ውሸት አልለውም። ወደ ደሴቱ የገባው ሰው በአንድ ጊዜና ከአንድ አገር ብቻ አልነበረም፤ ካህኑ ከሰሜን ቢመጣም ብዙው ሕዝብ ከምሥራቅና ከጉራጌ በኩል የመጣ ሊሆን ይችላል። ልጅ ደግሞ ቋንቋ የሚማረው ከእናቱ ነው እንጂ ከቅዳሴ አይደለም።

ቋንቋው እንዴት ኖረ ቢባል፣ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ውሃው ነው። ሐይቁ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደ ቅጥር ሆኖላቸዋል። ዛዮች ዓሣ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሠሩ፣ የደሴቱን ዳገት በድንጋይ እርከን እየደገፉ እያረሱ ኖሩ። ሆኖም ተዘግተው የኖሩ አይምሰላችሁ። ደሴት ላይ የማይገኘውን ከየብስ ለማግኘት በጀልባ እየተሻገሩ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር ይገበያዩ ነበር፤ ኦሮምኛም እንደ አፋቸው ይናገራሉ። የትልቁ ደሴት ስም ራሱ እኮ ኦሮምኛ ነው፤ ትልቅ ተራራ ማለት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቤተ ክርስቲያኑ በግዕዝ፣ ገበያው በኦሮምኛ፣ ኋላም መሥሪያ ቤቱ በአማርኛ ሆነ። ለዛይኛ የቀረለት ጓዳውና ጀልባው ነው።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ደርሷል። ሆላንዶች በአሜሪካ የቆረቆሯትን የዛሬዋን ኒውዮርክ እንግሊዞች በ1664 እ.ኤ.አ. ወሰዱባቸው። ቋንቋቸው ግን ወዲያው አልጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያናቸው በሆላንድኛ ትሰብክ ነበርና። በዚያች ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው በእንግሊዝኛ መስበክ የተጀመረው መቶ ዓመት ቆይቶ በ1764 ነው። በ1782 በገጠር የተወለደውና ስምንተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ማርቲን ቫን ቡረን እንኳ አፉን የፈታው በሆላንድኛ ነበር። ዛዮች እንዲህ ያለ የቤተ ክርስቲያን ድጋፍ ለቋንቋቸው አላገኙም፤ ያም ሆኖ ቋንቋቸው ከሆላንዶቹ ይልቅ ረጅም ዘመን ቆየ።

ያደከመው ጦርነት ሳይሆን ሰላሙ ነው ብል አታጋንን አትበሉኝ። በ1870ዎቹ ዓመታት አፄ ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አርሲን በከባድ ጦርነት ከያዙ በኋላ ውሃው ቅጥርነቱ ቀረ። ደሴቱ ጠባብ፣ መሬቱ ጥቂት ስለሆነ፣ ሰው ቀስ በቀስ ወደ የብስ እየወጣ በመቂ፣ በዝዋይ ከተማና በእኛው በአርሲ በኩል ባለው ዳርቻ ሰፈረ። እዚያ ጎረቤቱ ኦሮሞ ነው፤ ልጁ የሚጫወተውም የሚጋባውም ከጎረቤቱ ጋር ነው። በዚህ የሚወቀስ የለም፤ መልካም ጉርብትና ነው። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በኦሮምኛ ሆነ፤ ይህም ለኦሮሞው ልጅ ተገቢ ሲሆን ለዛይኛ ግን አንድም የመማሪያ ክፍል አልጨመረለትም።

ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው የዛይኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1999 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር አሳትመዋል። ትልቅ ውለታ ነው፤ ነገር ግን መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለሆነ የቱሉ ጉዶ እናት አታነበውም።

በእድራችን ድንኳን ሐዘን የጠናባት ሴት ሙሾዋን የምታወርደው በእናቷ ቋንቋ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። ከመካከላችን ከዝዋይ ዳር የመጣ ቤተሰብ ካለ፣ ከአረጋውያኑ የሰማውን የልቅሶ፣ የዓሣ ማጥመጃና የጀልባ ቃል፣ አሥርም ይሁን ሃያ፣ ከነትርጉሙ ለእድሩ ጸሐፊ ቢሰጥ በሚመጣው ዓመት መጽሔታችን ላይ እናወጣዋለን።