ሌላውን ያስቀደመው ቄስ፦ ጄምስ ሼን እና ሳሙኤል አጃዪ ክራውዘር

በርናባስ አንጾኪያ ሲደርስ ሥራው ሞልቶ ተትረፍርፎ ጠበቀው። ብዙ ሕዝብ ወደ ጌታ ተጨምሯል፤ የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። በርናባስ ራሱ ማስተማር የሚችል፣ በኢየሩሳሌም የታመነና የተወደደ አገልጋይ ነበር። ነገር ግን ሥራውን ለብቻው አልያዘውም። ተነሥቶ ጠርሴስ ድረስ ሄደና ሳውልን ፈልጎ አመጣው (ሐዋ. 11፥22-26)። ጥቂት ምዕራፎች ሳንገፋ ደግሞ የስማቸው ቅደም ተከተል ይለወጣል፤ ያመጣው ሰው ወደ ኋላ፣ የመጣው ሰው ወደ ፊት ይሆናል።

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ዛሬ የማነሣላችሁ በምዕራብ አፍሪካ ያገለገለ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጄምስ ፍሬደሪክ ሼን ይባላል። ስሙን ብዙዎቻችን አልሰማንም። እርሱ ያስቀደመውን ሰው ግን የአፍሪካን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያነበበ ሁሉ ያውቀዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከባሪያ መርከብ የወጣው ልጅ

አጃዪ በ1809 ገደማ ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር፣ በዮሩባ ምድር፣ ኦሾጉን በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1821 ባሪያ ፈንጋዮች ከተማዋን አቃጥለው እርሱን ከእናቱና ከወንድም እኅቶቹ ጋር ማርከው ወሰዱት። ከእናቱም ተለየ። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ባሕር ዳር ደረሰ፤ በፖርቱጋሎች የባሪያ መርከብ ላይም ተጫነ። በሚያዝያ 1822 የባሪያ ንግድን ለማስቆም ባሕሩን ይጠብቁ የነበሩ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ያንን መርከብ ያዙት። ሕፃናቱና ጎልማሶቹ ነፃ ወጥተው ሴራሊዮን ውስጥ ፍሪታውን አጠገብ እንዲሰፍሩ ተደረገ።

አጃዪ በዚያ በቤተ ክርስቲያን ሚስዮናውያን ማኅበር ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠረ፤ ጌታንም አወቀ። በ1825 ሚስዮናዊው ጆን ራባን አጠመቀው፤ ሳሙኤል ክራውዘር የሚል ስምም ተሰጠው። በ1827 ፎራ ቤይ ኮሌጅ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆነ። በኋላም አስተማሪ ሆኖ አገለገለ። ያገባትም እንደ እርሱ ከባሪያ መርከብ የዳነችውን አሳኖን፣ በክርስትና ስሟ ሱዛንን ነው።

በወንዙ ላይ የታየ እውነት

ሼን የጀርመን ሰው ነው፤ በባደን ተወለደ። በስዊዘርላንድ በባዝል የሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ተማረ። በአገራችን የሚታወቁት ክራፕፍና ኢዘንበርግም ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ሼን በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ቅስና ተቀብሎ በ1832 ወደ ሴራሊዮን መጣ። ቋንቋ የሚወድ ሰው ነበር፤ በተለይ ሐውሳን በትጋት አጠና።

በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ሦስት የእንፋሎት መርከቦችን ወደ ኒጀር ወንዝ ላከ። ዓላማው ከወንዙ ዳር ገዥዎች ጋር የባሪያ ንግድን የሚያስቀር ውል መዋዋል፣ ሕጋዊ ንግድና እርሻ መክፈት ነበር። ሼንና ክራውዘርም ማኅበሩን ወክለው አብረው ሄዱ። ብዙ ተስፋ የተጣለበት ጉዞ ነበር፤ ውጤቱ ግን ኀዘን ሆነ። ወደ 150 ከሚጠጉት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በትኩሳት ወደቁ፤ ቢያንስ 40 ሞቱ። አብረው የተጓዙት አፍሪካውያን ግን በአብዛኛው ጤነኞች ነበሩ።

ሼን በዚያ ወንዝ ላይ ከሞቱ ሌላ ያየው ነገር አለ። መርከቦቹ አቦህ በተባለች የኢግቦ ከተማ ሲቆሙ ገዥው ኦቢ ኦሳይ ሊጎበኛቸው መጣ። ሼን መጽሐፍ ቅዱሱን ከፈተና ሳይመን ጆናስ የተባለውን አስተርጓሚ እንዲያነብብ አደረገው። ጆናስ ኢግቦ ነው፤ ተሸጦ ከባርነት ነፃ የወጣ የሴራሊዮን ክርስቲያን ነው። ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ብፁዓን ስለሚባሉት የተነገረውን አነበበ፤ በኢግቦ ቋንቋም ተረጎመው። ገዥው እጅግ ተደነቀ። ነጭ ሰው ማንበቡ ለእርሱ ብርቅ አልነበረም። የገዛ ወገኑ፣ ያውም ባሪያ የነበረ ሰው፣ ይህን ቃል አንብቦ ማስረዳቱ ግን ከግምቱ ውጭ ሆነበት። ጆናስ በከተማው እንዲቆይለትም ለመነ።

ሼን ይህን ሁሉ በማስታወሻው ጻፈ። አንድ ሚስዮናዊ ከእንዲህ ያለ ጉዞ ሲመለስ ስለ ራሱ ድካምና መከራ ብቻ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? እርሱ ግን ለማኅበሩ ያቀረበው መደምደሚያ ሌላ ነበር፦ የዚህን ምድር ሰዎች በወንጌል የሚደርሱት በዋናነት የምድሪቱ ልጆች ናቸው፤ ስለዚህ ከሴራሊዮን ነፃ ከወጡት ሰዎች መካከል አገልጋዮች ይሠልጥኑ፤ ቋንቋዎቹም ይጠኑ። ስም ጠቅሶም ክራውዘር ሠልጥኖ ቅስና እንዲቀበል አሳሰበ። የሁለቱም የጉዞ ማስታወሻ በ1842 ታተመ።

በዚያው ባሕር ላይ

ታዲያ ክራውዘር ለምን ለንደን ድረስ መሄድ አስፈለገው? በአንግሊካን ሥርዓት እጅ ጭኖ ለዲቁናና ለቅስና የሚሾመው ጳጳስ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ ሴራሊዮን ጳጳስ አልነበራትም፤ የመጀመሪያው የመጣው በ1852 ነው። ስለዚህ ለሹመት የታሰበ ሰው ባሕር መሻገር ነበረበት። በልጅነቱ በሰንሰለት የተጫነበት የአትላንቲክ ባሕር ለክራውዘር የአገልግሎት መንገድ ሆነለት።

በለንደን በኢዝሊንግተን በሚገኘው የማኅበሩ ኮሌጅ ተማረ። ሰኔ 11 ቀን 1843 ዲቁና፣ ጥቅምት 1 ቀን ደግሞ ቅስና ተቀበለ፤ የሾመው የለንደኑ ጳጳስ ብሎምፊልድ ነው። በዚያው ዓመት ያዘጋጀው የዮሩባ ሰዋስውና የቃላት ስብስብ ታተመ። በ1844 መጀመሪያ ፍሪታውን ተመልሶ በዮሩባ ቋንቋ አምልኮ መራ፤ ሰበከም። ከአገራቸው ተነቅለው በባዕድ ቋንቋ ሲሰብኩላቸው ለኖሩት ወገኖቹ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ በስደት የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያም ወደ ትውልድ ምድሩ፣ ወደ አቤኦኩታ ሄደ። በ1846 ከ25 ዓመት መለያየት በኋላ እናቱን አፋላን አገኘ። በ1848 በክርስቶስ አምና ተጠመቀች፤ ሐናም ተባለች። የሳሙኤል እናት ሐና! ክራውዘር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ዮሩባ በመተርጎም ሥራ ዋነኛው ሰው ሆነ። በ1864 በካንተርበሪ ካቴድራል የመጀመሪያው አፍሪካዊ የአንግሊካን ጳጳስ ሆኖ ተሾመ።

ሼንስ? ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በቻተም በቄስነት ሲያገለግል ኖረ። በ1876 የሐውሳ መዝገበ ቃላት አሳተመ፤ ከአፍሪካ የመጡ ወጣቶችንም በቤቱ ተቀብሎ አስተማረ። በ1889 አረፈ።

መራሩ ምዕራፍ

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለን ነበር። ክራውዘር ጳጳስ እንዲሆን አጥብቆ የደገፈው የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ቬን ነበር። የቬን እምነት አንድ ቤተ ክርስቲያን ራሷን እንድታስተዳድር፣ ራሷን እንድትደግፍና ራሷ ወንጌልን እንድታሰፋ ነው። ቬን በ1873 ሞተ፤ ዘመኑም ተለወጠ። በ1890 ወጣት አውሮፓውያን ሚስዮናውያን ወደ ኒጀር መጡ። የክራውዘርን የሥራ ባልደረቦች ከአገልግሎት አገዱ፤ የሽማግሌውንም ሥልጣን ናቁ። በሠራተኞቹ መካከል ስሕተት አልነበረም ማለት አይደለም። ነገር ግን የሚታረመውን ማረም አንድ ነገር ነው፤ አፍሪካዊ አገልጋይ ሊታመን አይችልም ብሎ መደምደም ሌላ ነው። ክራውዘር ታኅሣሥ 31 ቀን 1891 ልቡ አዝኖ አረፈ። በእርሱ ፋንታ የተሾመው አውሮፓዊ ነበር። በ2014 የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ለተፈጸመው በደል በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ሚስዮናውያንን አየን። ሁለቱም ለጌታ ቀንተው መጥተዋል፤ ሁለቱም ይጸልዩ ነበር። የፊተኛው የራሱን ወሰን አይቶ ለሌላው በር ከፈተ። የኋለኞቹ ግን የሌላውን ጉድለት ብቻ አይተው የተከፈተውን በር ዘጉት።

እኛ ከየትኛው ነን?

ይህን ስጽፍ ልቤ ይወቅሰኛል። በማገለግልበት ኅብረት አንድ ወጣት ነበር፤ ቃሉን የሚወድ፣ ልጆችን የሚያስተምር። ለስብከት በጠየቀ ቁጥር «ትንሽ ቆይ፣ ገና ነህ» እለው ነበር። ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን መቅረቱን አስተዋልሁ፤ ከቀረ ግን ወራት ሆኖት ነበር። ያስጠበቅሁት እርሱ እንዲበስል መስሎኝ ነበር። ነገር ግን እንዲበስል ያደረግሁለት አንዳች ነገር አልነበረም። አላስተማርሁትም፣ ከእኔ ጋር አልወሰድሁትም፣ ስሙንም በሽማግሌዎች ፊት አላነሣሁም። ሼን ግን ስም ጠርቶ ጻፈ።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የሰማውን ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ፣ እነርሱም ሌሎችን እንዲያስተምሩ አዞታል (2ጢሞ. 2፥2)። አደራው ወደ ፊት እንዲተላለፍ የተሰጠ ነው፤ እኛ ጋ እንዲቀር አይደለም። መጥምቁ ዮሐንስም ክርስቶስ ሊልቅ፣ እርሱ ሊያንስ እንደሚገባ ሲናገር (ዮሐ. 3፥30) ደስታው እንደ ተፈጸመ ተናግሯል። ማነስ በክርስቶስ ላለ ሰው ኪሳራ አይደለም።

አንባቢ ሆይ፣ አገልጋይ ከሆንህ በዚህ ሳምንት የአንድ ሰው ስም በጌታ ፊት ጥራ፤ ቀጥሎም ስሙን በሚሰሙህ ሰዎች ፊት ጥራ። «ገና ነህ» ተብለህ የተቀመጥህ ከሆንህ ደግሞ አጃዪን ከመርከቡ ሆድ ያወጣው አምላክ አንተንም አልረሳህም። ጌታን ገና ያልተቀበልህ ከሆንህ ይህን ስማ፦ ይህ ሁሉ የመጣው ራሱን ባዶ ካደረገው፣ እኛን ወደ አብ ሊያቀርብ ራሱን ዝቅ ካደረገው ከኢየሱስ ነው። ሼን ከእርሱ ተማረ፤ አንተም ወደ እርሱ ና።

ጌታ በርናባሶችን ያብዛልን። አሜን።