ስለ ወጌሻና ስለ አጥንት ቍስል በአምቦ አካባቢ

በአምቦ፣ በጉደርና በጊንጪ የሰው እግር ሲሰበር ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች የዐድዋን ቍስለኞች ለማከም በ1888 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እንግሊዛዊው ሊስተር ቍስልን በመድኃኒት ከመመረዝ መጠበቅን ካስተማረ 29 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ትምህርቱ ግን ወጌሻው ዘንድ ሳይደርስ ቆየ።

ጉዳቱ የሚመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም አጥንቱ ቆዳውን በስቶ ሲወጣ ቍስሉ ፈጥኖ ባለመታጠቡና ቀርከሃው ከልክ በላይ ጠብቆ በመታሰሩ ነው። የደም መንገድ ሲዘጋ ሥጋው ይሞታል፤ ኋላም እግሩ ይቈረጣል።

ወጌሻ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም፤ ቢከለከል በስውር ያስራልና። ዶክተር መኮንን እሸቴ በ1997 ዓ.ም. ያሳተሙት ጥናት፣ ወጌሾችን አንድ ቀን ማስተማር በኢትዮጵያ በዚህ ምክንያት የሚቈረጠውን እጅና እግር እንደቀነሰ አሳይቷል። የአምቦ ወጌሾችም የተከፈተውን ስብራት ሳያስሩ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መስደድን ቢማሩ እንወዳለን።