ከጋፋት እስከ ቤይሩት

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ወጣ ሲሉ ጋፋት የሚባል ቦታ ይገኛል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ስለሆነ ነው። ዛሬ ግን ከመድፉ ይልቅ ሠሪዎቹን ልናስብ ወደድን፤ በሰው አገር የሚኖሩ እንግዶች ነበሩና።

እ.ኤ.አ. በ1855 ክራፕፍና ፍላድ የኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ልከዋቸው ወደ ንጉሡ መጡ። የጠየቁት ወንጌልን የተማሩ የእጅ ሙያተኞች እንዲገቡ ፈቃድ ነበር። በማግስቱ ዓመት ፍላድ ራሱ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ገባ፤ ቆይተው ደግሞ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ዛልሙለር ተከተሉ። በባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን ሠራተኛ ነበር። መሬት ሰጧቸው፣ ሸለሟቸው፣ ወጣቶችም ሙያ እንዲማሩ ወደ ጋፋት ላኩ። ዋልድማየር የንጉሡ ባለሟል የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ሱዛንን አገባ፤ እናቷ ኢትዮጵያዊት ናት።

ታዲያ የእንግድነት ዋጋው ቀስ እያለ መጣ። መንገድ ከመጥረግና ጋሪ ከመሥራት ተነሥቶ ትእዛዙ መድፍ ወደ ማቅለጥ ደረሰ። ሙያችን አይደለም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሉም። የወንጌል መልእክተኛ መድፍ ማፍሰሱን እኛም በቀላሉ አንዋጠውም፤ ግን ፈቃዱ በአንድ ሰው እጅ የሆነ እንግዳ እምቢ ማለት ምን ያህል ይችላል? እ.ኤ.አ. በ1867 ጋፋት ተዘረፈች፤ እነርሱም በጥበቃ ሥር ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በዚያው ዓመት ንጉሡ ከተማዋን አቃጥለው ሲነሡ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ሄዱ። ሠሪዎቹም መንገድ እየጠረጉ አብረው ነበሩ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ እንግዶቹም በእንግሊዝ ጦር ታጅበው ከአገር ወጡ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። ዋልድማየርና ሱዛን ግን ወደ ሊባኖስ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1873 በብሩማና ተራራ ላይ የትምህርት ሥራ ጀመረ፤ ትምህርት ቤቱ እስከ ዛሬ አለ። በ1896 ደግሞ ለአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ለማቆም ማኅበር አቋቋመ። በዚያ ዘመን የአእምሮ ሕመምተኛ በሰንሰለት መታሰሩ የተለመደ ነበር። ሰንሰለትን መቅደላ ላይ በዓይኑ ያየ ሰው ነው። ሆስፒታሉ በአስፉሪዬ፣ ከቤይሩት ወጣ ብሎ በሃዝሚዬ በኩል ተሠራ።

ሃዝሚዬ የሚለውን ስም ያዙልን። ሰኔ 2020 (እ.ኤ.አ.) አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን በመኪና እያመጡ የጣሉት እዚያው፣ በአገራችን ቆንስላ በር ላይ ነው። ብዙዎቹ ደመወዝ አልተከፈላቸውም፤ ፓስፖርታቸውን ያልያዙም ነበሩ። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንዲት ቤት ጋር ታስሯል፤ ከዚያች ቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ናት። ለእኛ ይህ ከጋፋት ብዙም አይርቅም። እዚያም ጉልበቱ ይፈለግ ነበር፣ ሰውየው ግን የራሱ አልነበረም።

በዚያ ምድር አብያተ ክርስቲያናት ዝም አላሉም፤ ሁሉም ባይሆኑም። ካሪታስ ሊባኖስ ለስደተኛ ሴቶች መጠለያ ከፍቶ በሕግም ይቆምላቸዋል። በ2024 መከር ቦምብ ሲዘንብ ስደተኞች ከብዙ መጠለያዎች ተመለሱ። ያኔ ኢየሱሳውያን በቤይሩት የቅዱስ ዮሴፍን ቤተ ክርስቲያን ከፈቱላቸው፤ ኢትዮጵያውያንና ሱዳናውያን እዚያ አደሩ። በዘሌዋውያን 19፥34 እስራኤል መጻተኛውን እንደ ራሱ እንዲወድድ የታዘዘው የግብፅን ዘመን እያስታወሰ ነው። ትእዛዙ ከትዝታ ይጀምራል። እኛስ ወንጌላውያን፣ በዚህ ደጋ የወንጌል አባቶቻችን መጻተኞች እንደነበሩ ስንቶቻችን እናስታውሳለን?

አንድ ነገር ግን ከራሳችን እንናገር። በደቡብ ጎንደር ልጆቻችን በመተማ በኩልም ሆነ በአውሮፕላን ሲሄዱ እንጸልይላቸዋለን፤ ቪዛው ሲወጣ ምስክርነት ይሰማል፣ እልልታም ይቀልጣል። ባዶ እጇን የተመለሰች እህት ግን የምስክርነት ተራ ስትጠይቅ አላየንም። በኋለኛው ወንበር ትቀመጣለች፤ ከቡራኬው በፊት ትወጣለች። አንድ እሑድ ከመካከላችን አንዲት እናት ተከትለዋት ወጡና ምሳ እንድትበላ ቤታቸው ወሰዷት። ከዚያ ቀን ወዲህ የምትቀመጠው ከእርሳቸው አጠገብ ነው።