የሴቶች እግር ኳስ፦ የቤት ሥራ ጉልበት ለሜዳ ለምን አይበቃም?

እህቴ፣ እኔ ቤይሩት ውስጥ እሁድ እሁድ ኳስ ከሚጫወቱት አንዷ ነኝ። መጀመሪያ ሜዳ የገባሁ ቀን የነበረኝን ጉራ አልረሳውም። አምስተኛ ፎቅ በቀን አሥር ጊዜ እየወጣሁ እየወረድኩ፣ እርጥብ ምንጣፍ ተሸክሜ ጣራ ላይ የማሰጣ ሴት፣ ኳስ ምን ያደርገኛል ብዬ ነበር። በ15ኛው ደቂቃ ወገቤን ይዤ ቆምኩ። በማግስቱ ሰኞ ደግሞ መጥረጊያ መያዝ አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና የሚያውቁትን መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁትን እዚህ አስቀምጬልሻለሁ።

ጨዋታው ከሰውነት የሚጠይቀው

የሴቶች ጨዋታ እንደ ወንዶቹ 90 ደቂቃ ነው፤ ኳሱም ያው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት በከፍተኛ ሊግ የሚጫወቱ 14 ሴቶችን ተከታትሎ ነበር። አንዲት ተጫዋች በአንድ ጨዋታ በአማካይ 10.3 ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች። ከዚህ ውስጥ ግን በኃይል የተሮጠው 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሆነውን ጊዜ ቆመው ወይም እየተራመዱ ነው ያሳለፉት።

ታዲያ ምኑ ያደክማል ትይ ይሆናል። የልብ ምታቸው በአማካይ በደቂቃ 167 ነበር፤ እየተራመዱ የቆዩበትም ጊዜ ተቆጥሮ ማለት ነው። አንዴ ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ትሮጫለሽ፣ ትንፋሽሽ ሳይመለስ ሌላ ኳስ ይመጣል፣ ደግሞ ትሮጫለሽ። ጎል የሚገባውም ጎል የሚድነውም ብዙውን ጊዜ በእነዚያ አጫጭር ሩጫዎች ላይ ነው። በዚያው ጥናት ቶሎ ትንፋሽ የሚመልሱት ተጫዋቾች በመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ከሌሎቹ የበለጠ በኃይል ሮጠዋል። የአካል ብቃት ጨዋታ ላይ ለውጥ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙ መሮጥ መቻል ብቻ አይበቃም፤ ሮጦ፣ አርፎ፣ እንደገና መሮጥ መቻል አለብሽ።

አሁን የእኛን ሥራ አስቢው። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመሽ፣ ጎንበስ ቀና ብለሽ፣ ቀስ እያልሽ ነው። ወገብሽና ባትሽ ይደክማል፣ ልብሽ ግን ከፍ ብሎ የሚመታበት ጊዜ ትንሽ ነው። ስለዚህ ሜዳ የምንመጣው የደከመ እግርና ያልሠለጠነ ልብ ይዘን ነው። «የቤት ሥራ ራሱ ስፖርት ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልቀበለውም። እነሱ ቤት ሠርተው አያውቁም።

ራስሽን መለኪያ

ቡድኖች የሚጠቀሙበት «ዮ-ዮ» የሚባል ፈተና አለ። 20 ሜትር ለክተሽ ምልክት ታደርጊያለሽ። ከስልክ በሚሰማ ድምፅ እየተመራሽ ትሄጂያለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ 10 ሰከንድ ዘና ብለሽ ትራመጃለሽ፣ ደግሞ ትሄጃለሽ። ድምፁ እየፈጠነ ይመጣል። ሁለት ጊዜ ከድምፁ ወደ ኋላ ስትቀሪ ፈተናው አለቀ፤ የሄድሽውን ሜትር ትቆጥሪያለሽ። የዴንማርኮቹ በአማካይ ወደ 1,400 ሜትር ሄደዋል። ይህ 35 ጊዜ ሄዶ መመለስ ነው። እኔ መጀመሪያ 9 ጊዜ ነው የቻልኩት። ቁጥሩ አያሳፍርሽ፤ ጻፊውና ከሁለት ወር በኋላ እንደገና ሞክሪው።

ቤት ውስጥ ሆነሽ መለማመድ

አሠሪ ቤት የምታድሪ ከሆነ ሜዳ የምታገኚው በእረፍት ቀንሽ ብቻ ነው፤ እሱንም ከሰጡሽ። በሳምንት ሁለት ቀን 15 ደቂቃ ካገኘሽ ይበቃል። ደረጃ ካለ 15 ሰከንድ በፍጥነት ውጪ፣ በእርጋታ ውረጂ፤ ስድስት ጊዜ ይሁን። በየሳምንቱ አንድ ጨምሪ። ስትወርጂ አትሩጪ፣ ቁርጭምጭሚት የሚወለምው ሲወረድ ነው። ደረጃ ከሌለ ክፍልሽ ውስጥ በቆምሽበት ጉልበትሽን ወደ ላይ እያነሳሽ 15 ሰከንድ ሩጪ፣ 15 ሰከንድ እረፊ፣ አሥር ጊዜ። በባዶ እግር አድርጊው፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ማዳም ጋ ክስ ይዘው እንዳይመጡ።

ከጨዋታው በፊት ያለውን ቀን ተዪው። ቅዳሜ ማታ እንግዳ መጥቶ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) ዕቃ ስታጥቢ ካደርሽ እሁድ ከመጀመሪያው ደቂቃ አትግቢ። ለአሰልጣኟ ንገሪና በቅያሪ የመጨረሻውን 20 ደቂቃ ተጫወቺ። እኔ እልህ ይዞኝ በእንዲህ ዓይነት ቀን ተከላካይ ሆኜ ገብቼ፣ ሁለት ጎል በእኔ በኩል ገባ። ማንም አልተቆጣኝም፣ እሱ ነው የባሰው።

ምግብና የወር አበባ

በወር አበባ ደም ሲወጣ ብረትም አብሮ ይወጣል። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ምንም ብትለማመድ ቶሎ ትንፋሽ ያጥራታል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመንና ሥጋ ብረት አላቸው፤ ሎሚ ሲጨመርበት ሰውነት የእህሉንና የአትክልቱን ብረት በደንብ ይወስዳል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር ሲሆኑ ብረቱን ያስቀሩታል። ስለዚህ ቡናውን ከምግብ አንድ ሰዓት አርቂው። ቡናውን ተዪ አላልኩሽም፣ እኔም አልተውኩም። ደረጃ ስትወጪ የሚያዞርሽ ከሆነ ግን የደም ምርመራ አድርጊ።

የአሜሪካ ሴቶች ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫን ሲያነሳ የእያንዳንዷን ተጫዋች የወር አበባ ቀን ይከታተል ነበር። እንቅልፍና ምግብም በዚያው ይስተካከላል። አንቺም ቀኑን ስልክሽ ላይ ጻፊ። የሚያምሽ ቀን የትኛው እንደሆነ ቀድመሽ ታውቂያለሽ።

ጾም ላይ ያለሽ እህቴ፣ ረመዳንም ይሁን ዐቢይ ጾም፣ ልምምዱን ከማፍጠሪያ በፊት ባለው ትንሽ ሰዓት በቀላሉ አድርጊው፤ ከዚያ ውኃና ቴምር።

ሙቀት

ፊፋ ሙቀትን፣ እርጥበትንና ፀሐይን አንድ ላይ የሚለካው መለኪያ 32 ዲግሪ ሲያልፍ ጨዋታ ቆሞ ውኃ እንዲጠጣ ያዛል። እኛ መለኪያው የለንም። በየ15 ደቂቃው ቁሙና ጠጡ። ባሕረ ሰላጤው ያላችሁ በበጋ ቀን ላይ ባትጫወቱ ይሻላል፣ ማታ ይሁን። አንዷ መዘባረቅ ወይም መንገዳገድ ከጀመረች ጥላ ሥር አስገቧትና ውኃ አፍስሱባት፣ አምቡላንስም ጥሩ። «ትንሽ ትረፍ» ብላችሁ አትተዉአት።

ጉልበት

ይህን ከሁሉም በላይ እንድታነቢው እፈልጋለሁ። ጉልበት ውስጥ አጥንቶቹን የሚያስር መስቀለኛ ጅማት አለ። በሴት ተጫዋቾች ላይ የሚበጠሰው ከወንዶቹ በሁለት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ጊዜ ማንም ሳይነካሽ ነው የሚሆነው፦ ዘለሽ ስታርፊ ወይም ሮጠሽ ድንገት ስትዞሪ ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ሊያ ዊሊያምሰን፣ ቤት ሚድና ቪቪያን ሚዴማ የ2023ቱ የዓለም ዋንጫ ያመለጣቸው በዚሁ ጅማት ነው። እነሱ ግን ሐኪምና ደመወዝ አላቸው። ቀዶ ጥገና ከተደረገ ወደ ሜዳ ለመመለስ 9 ወርና ከዚያ በላይ ይፈጃል። እኛን 9 ወር ማን ይጠብቀናል?

መከላከያ አለው። ፊፋ «11+» የሚል የማሟሟቂያ ፕሮግራም አውጥቷል፤ 20 ደቂቃ ነው፣ ዕቃ አይፈልግም። 8 ደቂቃ ቀላል ሩጫ፣ 10 ደቂቃ የጥንካሬና የሚዛን እንቅስቃሴ፣ 2 ደቂቃ ፈጣን ሩጫ። ኖርዌይ ውስጥ በወጣት ሴቶች ላይ ተሞክሮ ከባድ ጉዳትን በብዙ ቀንሷል። ቪዲዮው በስልክ ይገኛል። መካከለኛውን 10 ደቂቃ ቤትም መሥራት ትችያለሽ፦ በአንድ እግር መቆም (ሳህን እያጠብሽም ይሆናል)፣ በክርንሽና በእግር ጣትሽ ተደግፈሽ ሰውነትሽን ቀጥ ማድረግ፣ ቁጭ ብድግ፣ ትንሽ ዘሎ በቀስታ ማረፍ። ስታርፊ መስታወት ፊት ሁኚና ጉልበትሽን እዪ፤ ከእግር ጣቶችሽ ጋር አንድ መስመር ላይ ይሁን፣ ወደ ውስጥ አይግባ።

ጉልበትሽ «ጧ» ካለና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ጨዋታው ለአንቺ አልቋል። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ 15 ደቂቃ ያዢበት፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ። በዚያ ቀን ማንም እንዳያሽሽ፣ ወጌሻ ነኝ የምትል ጓደኛሽም ብትሆን እንዳትስብሽ። አንዲት የቡድናችን ልጅ ማዳሟን ፈርታ ደብቃ ሦስት ሳምንት እያነከሰች ሠራች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ ሌላው የጉልበቷ ክፍል ጭምር ተጎድቶ ነበር።

ስለዚህ መጫወት ከመጀመርሽ በፊት ኢንሹራንስሽ ከሥራ ውጭ የደረሰ ጉዳት ይሸፍን እንደሆነ ጠይቂ፤ ወረቀቱን በሚያነብልሽ ሰው አስነቢ። ከቡድኑ ጋርም ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ጥቂት ጥቂት አዋጡ፤ እኛ እንደ ዕቁብ ነው የምንሰበስበው፣ ገንዘብ ያዧም በየሦስት ወሩ ትቀየራለች። ከተጎዳሽ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈልሽን ፎቶ አንሺና ለምታምኛት ጓደኛ ላኪላት፤ ስልክሽ ቢወሰድብሽ እንኳ እሷ ጋ ይኖራል።