ጥቀርሻ፤ ከጎጆው ክዳን እስከ ምግብ ቤቱ የጭስ መሳቢያ

በገዳሪፍም ሆነ ከድንበሩ ማዶ በመተማ ዮሐንስ፣ ቀትር ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቶ ወደ ማድ ቤቱ አሻግሮ የተመለከተ ሰው ከምድጃው በላይ ያለውን ጣሪያ ሳያስተውል አይቀርም። ቆርቆሮው የጥንት መልኩ ጠፍቶ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱም ደረቅ አይደለም፣ ያብረቀርቃል። ከጠርዙ ላይ ቡናማ ጠብታ ተንጠልጥሎ ይታያል። የጭስ መሳቢያ ያስገጠመ ቤት ከሆነም መሳቢያው ራሱ ከጣሪያው የተሻለ መልክ የለውም። ባለቤቲቱን «ይህን የሚያጸዳው ማን ነው?» ብለው ቢጠይቋት ትስቃለች። ደጋግሜ የሰማሁት መልስ «ጥቀርሻ ደግሞ ምን ይጎዳል? በእናቶቻችን ቤት ስንት ዘመን ኖሮ የለም ወይ!» የሚል ነው።

ይህ መልስ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነውና። የሐበሻ ቤት ከጥቀርሻ ጋር ለብዙ ዘመን ተስማምቶ ኖሯል፤ ጥቀርሻውም ጠቅሞታል። ስሕተቱ ያለው በሌላው ግማሽ ነው። ዛሬ በምግብ ቤቶቻችን ጣሪያና ቱቦ ላይ የተጋገረው ነገር በስሙ እንጂ በባሕርዩ ያ የጥንቱ ጥቀርሻ አይደለም። ልዩነቱን ለማየት ነገሩን ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

በሀገራችን ጭስ ማለት ቤት ማለት ነበር። በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ እሳት የሚያነድ ገበሬ «ጭሰኛ» ሲባል ኖሯል፤ ጭሱ የራሱ፣ መሬቱ ግን የባላባቱ። ይህ ሥርዓት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የመሬት አዋጅ እስኪሻር ድረስ ስሙም አብሮት ቆይቷል። እንግሊዞችም እ.ኤ.አ. በ1662 ሕዝባቸውን ያስገበሩት ምድጃ እየቆጠሩ ነበር። ቤት በጭሱ በሚታወቅበት ዘመን ጭስ የማይታይበት ጎጆ ንጹሕ ሳይሆን ባዶ ነው ተብሎ ይታሰባል።

የሣር ክዳን ጎጆ ጭስ ማውጫ የለውም። ጭሱ ከጉልቻው ተነሥቶ ቤቱን ይሞላና በሣሩ መካከል እየተጣራ ቀስ ብሎ ይወጣል። በማለዳ ከሩቅ ሲያዩት ጎጆው ራሱ የሚጤስ የሚመስለው ለዚህ ነው። ጭሱ በመንገዱ ላይ ብዙ ሥራ ይሠራል። ወራጁንና ማገሩን ከነቀዝ ይጠብቃል፤ ክዳኑን ከተባይ ያድናል፤ ለዘር ተመርጦ ከምድጃው በላይ የተሰቀለውን የማሽላ ራስና በቆሎ ተባይ እንዳይደፍረው ያደርጋል። የወተቱ ዕቃና የጠላው ጋንም የሚጸዱት በወይራ ጭስ ታጥነው ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ጭስ አጽጂ እንጂ የሚጸዳ ነገር ሆኖ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን የቀለሙ ነገር ነው። የግእዝ መጻሕፍቶቻችን የተጻፉበት ጥቁር ቀለም ዋና አካሉ ጥላሸት ነበር። ጸሐፊው ወይም ደቀ መዝሙሩ ከድስትና ከምጣድ ቂጥ ላይ ጥላሸቱን ፍቆ ይሰበስባል፤ ከተቆላ እህልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ወቅጦ በውኃ ይለውሰዋል፤ ከዚያም እስኪበስልለት ለወራት ያቆየዋል። ስሟ በየትኛውም የብራና ጠርዝ ያልተጻፈ የቤት እመቤት ምጣዷ ለዳዊቱም ለገድሉም ቀለም ሰጥቷል ማለት ነው። ይህን ሳስብ «ጥቀርሻ ምን ይጎዳል?» የሚለው መልስ ከየት እንደመጣ ይገባኛል።

አሁን የምንኖርበት ሀገር ሕዝብም ከጭስ ጋር የራሱ ወዳጅነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 በአትባራና በሰቲት ወንዞች አካባቢ የተጓዘው፣ ገዳሪፍንና ገላባትንም ያየው እንግሊዛዊ ሳሙኤል ቤከር ስለ ሴቶቹ የጭስ መታጠኛ በመጽሐፉ ተርኳል። መሬት ላይ በተቆፈረች ጉድጓድ ፍም ይደረጋል፤ መዓዛ ያለው ዕንጨትና ቅመም ይጨመርበታል፤ ሴቲቱ ተከናንባ ትቀመጥበታለች። ይህ ልማድ ዛሬም «ዱኻን» በሚባለው ስሙ ይታወቃል፤ ለእርሱም በብዛት የሚፈለገው «ጠልሕ» የሚሉት የግራር ዕንጨት ነው። ከሰሉም የሚወጣው ከዚሁ ዛፍ ነው።

ይሁንና የጥንቱ ጭስ ዋጋ አላስከፈለም ማለት አይደለም። ዋጋውን የከፈሉት ዓይናቸው ያለማቋረጥ የሚያነባው እናቶቻችንና በጀርባቸው የታዘሉት ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ነገር በሚወጣ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። ባለጸጎቹ ይህን ቀድመው ያወቁት ይመስላል፤ ማድ ቤቱን ከእልፍኙ ለይተው በጓሮ የሠሩት ለጭሱም ለእሳቱም ፍራቻ ነው። በቤተ መንግሥትማ እንጀራ ቤቱ፣ ወጥ ቤቱና ጠጅ ቤቱ እያንዳንዱ የየራሱ ሹምና የየራሱ ጣሪያ ነበረው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያዘጋጁትን ድግስ በታሪካቸው ዘርዝረውታል። ወጡና ጠጁ በዝርዝር ሲቆጠር በዚያ ጭስ ውስጥ የዋሉት ሴቶች ግን አልተቆጠሩም።

እኒሁ እቴጌ በ1898 ዓ.ም. እንደተቆረቆረ በሚነገርለት ሆቴላቸው ለከተማችን አዲስ ነገር አስለመዱ፤ በገንዘብ የሚሸጥ ምግብ። ድግስ በዓመት ጥቂት ቀን ነው። የቤት ምድጃም ጧትና ማታ ነድዶ ያርፋል። የምግብ ቤት ምድጃ ግን ከንጋት እስከ ሌሊት አያርፍም፤ ከዕንጨቱ ጭስ ይልቅ የሚበረታውም የዘይቱ ትነት ነው። ቁሌቱ፣ ጥብሱ፣ የጾሙ ወጥ በኑግና በሰሊጥ ዘይት ሲንተከተክ የሚነሣው እንፋሎት በዓይን የማይታይ የስብ ጠብታ ተሸክሞ ይወጣል። በምጣዱ ላይ የሚታሸው የጎመን ዘር ጭስ እንኳ ቅባት አለው። ታሪኩ የተጣመመው እዚህ ላይ ነው።

ገዳሪፍ ደግሞ የዘይት አገር ነች። ከከሰላ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በከተማዋ በኩል አልፎ ከሰናር መሥመር ጋር ተገናኘ፤ በ1940ዎቹ አጋማሽም በትራክተር የሚታረሰው ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ሰሊጡም ገዳሪፍን በዓለም ገበያ የታወቀች አደረጋት። ለእርሻው ሲባል የጠልሑ ደን ተመነጠረ፤ ለአረምና ለአጨዳ ከየአቅጣጫው የመጣው የቀን ሠራተኛ የሚበላበት ቤት ፈለገ። ሱዳኖቹ ፉልና በዘይት የተጠበሰ ጣዕሚያ ያቀርባሉ፤ ኪስራቸውን የሚጋግሩበትን «ዶካ» የተባለ ምጣድም በቅባት ያሹታል፤ ከእኛ ምጣድ ማሰሻ ጋር ወንድማማች ነው። የኛዎቹ ሴቶች የመጡት በጦርነትና በረሃብ ነው። በተለይ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ሲጎርፍ ኡም ራኩባና ሌሎችም መጠለያዎች ሞሉ። ከመጠለያ ወደ ከተማ የወጣች ሴት በእጇ የነበራት ካፒታል ወጥ መሥራትና ቡና ማፍላት ብቻ ነበር። አንድ ጉልቻ፣ አንድ ምጣድ፣ ከአራት ቆርቆሮ የተሠራ ጥላ፤ የብዙዎቹ ምግብ ቤቶች አጀማመር ይህ ነው። ቤቱ ሲያድግ ምድጃው አደገ፤ ጣሪያው ግን ያው ቀረ።

ወደ ባሕርዩ ልዩነት እንመለስ። የዕንጨት ጥቀርሻ በጎጆው ሣር ላይ ሲያርፍ ደረቅና ስስ ነው። በምግብ ቤቱ ግን የዘይቱ ትነት ከቀዝቃዛው ብረት ጋር ሲገናኝ ይረጋል፤ ጥላሸቱ በላዩ ይጣበቃል፤ በላዩ ሌላ ስብ፣ በዚያም ላይ ሌላ ጥላሸት። በወራት ውስጥ እንደ ሬንጅ የወፈረ ሽፋን ይሆናል። የማብሰያ ዘይት በ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነዳል። ከምድጃው የተነሣ ነበልባል ወይም የከሰል ብልጭታ ወደ ቱቦው ቢገባ እሳቱ የሚቀጣጠለው ሰው በማያየውና እጁ በማይደርስበት ቦታ ነው፤ ማራገቢያው እየሳበ አየር ይመግበዋል፤ ቱቦው በሣር ወይም በሳንቃ ጣሪያ መካከል የሚያልፍ ከሆነ ቀሪው አይነገርም። በድንጋጤ ውኃ የሚደፋበት ሰው ደግሞ የሚነደውን ዘይት በየአቅጣጫው ይረጨዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ቁጥር 96 የሆነው ደንብ በዕንጨትና በከሰል የሚያበስል ምግብ ቤት የጭስ መሳቢያው በየወሩ እንዲመረመር፣ ብዙ የሚያበስል ቤት በየሦስት ወሩ እንዲመረመር የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። የኛ ምግብ ቤቶች አብዛኛዎቹ በከሰል የሚሠሩ እንደመሆናቸው ከሁሉ የጠበቀው ደንብ የሚመለከተው እነርሱን ነው።

ማጽዳቱስ የማን ሥራ ነው? እዚህ ላይ የእንግሊዞቹ ታሪክ ያስፈራል። በለንደን ጠባቡን ጭስ ማውጫ እየወጡ ጥቀርሻ የሚፍቁት ትንንሽ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ፐርሲቫል ፖት የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1775 በእነዚህ ልጆች ላይ በጉልምስናቸው የሚታየው ካንሰር ከጥቀርሻው የመጣ መሆኑን ጻፈ፤ አንድ ሥራ ካንሰር እንደሚያመጣ በሕክምና ሲመዘገብ ይህ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሆኖም ልጆቹን መላክ በሕግ እስኪቆም ድረስ መቶ ዓመት ፈጀ፤ ጆርጅ ብሩስተር የተባለ ልጅ በጭስ ማውጫ ውስጥ ተቀርቅሮ ከሞተ በኋላ በ1875 የወጣው ሕግ ነው ነገሩን የቋጨው። በእኛም ዘንድ «አንተ ትንሽ ነህ፣ ውጣና ፋቀው» የሚባለው ሳሕን አጣቢው ልጅ ነው። አፍና አፍንጫው ያልተሸፈነ፣ እጁ ጓንት ያላየ።

የሥራው አካሄድ ራሱ ምሥጢር የለውም። ምድጃው ይጠፋል፤ ጋዙ ይዘጋል፤ የማራገቢያው ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ ማብሰያዎቹ በላስቲክ ይሸፈናሉ። ማጣሪያዎቹ ወልቀው በሙቅ ውኃና ስብ በሚያሟሟ መድኃኒት ይዘፈዘፋሉ። ቱቦው ከላይ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች ይፋቃል፤ ከታች ከተጀመረ የጸዳው ተመልሶ ይቆሽሻል። ብዙ ሰው የሚስተው ቱቦውን ነው፤ በዓይን የሚታየውን መሳቢያ ወልውሎ አደጋው ያለበትን ይተዋል። መድኃኒቱም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ኃይለኛ ሶዳ ስብን ወደ ሳሙና ስለሚለውጠው ነው የሚያስለቅቀው። እናቶቻችን የድስቱን ቂጥ በአመድ ሲፈትጉ ያደረጉትም ይህንኑ ነበር፤ የዕንጨት አመድ በውኃ ሲርስ የሚሰጠው ከዚያው ከሶዳው ወገን የሆነ ነገር ነው። ልዩነቱ የኃይል መጠን ነው፤ ሶዳው ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ የአሉሚኒየም ማጣሪያንም ይበላል።

ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ኡም ራኩባ ዳግመኛ ተከፍቶ በስደተኛ ሞላ፤ በሣርና በላስቲክ ዳስ መካከልም ምግብ ቤትና ቡና ቤት በቀለ። ስሙም በዐረብኛ የዳስ እናት እንደማለት ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በዚያ ምግብ ቤት የነበራቸው ብዙ እኅቶቻችን ጥለውት ወደ ገዳሪፍና ወደ መተማ ሸሹ። ምጣድ ያስቀመጠች ሁሉ የምትጀምረው እንደገና ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ነው።

ከእነዚሁ አንዷ የከፈተችው ቤት በቅርቡ ገብቼ ነበር። ካርቱም ሳለች በአንድ ትልቅ ማድ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ማጣሪያ አወላለቅ መማሯን ነገረችኝ። አሁን ያላት መሳቢያ ከበርሜል ቆርቆሮ የተቀጠቀጠ፣ ማራገቢያውም ከአሮጌ የመኪና ራዲያተር የተፈታ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤቱን ዘግታ የሽቦ ማጣሪያዋን በጓሮ በሚገኘው ሳፋ ውስጥ ትዘፈዝፋለች። ሶዳ ሲወደድባት የምትጨምረው ከራሷ ምድጃ የወሰደችውን አመድ ነው። ሳፋው ውስጥ ያየሁት ውኃ እንደ ጸሐፊ ቀለም የጠቆረ ነበር።