148 ሜትር፤ የኒውዮርክ ማራቶን ሯጮችና የጎዳና ልኬት ታሪክ

ማራቶን ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው የሰው ጉልበትና ትዕግሥት ነው። ማን እንዳሸነፈ፣ በስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን በመንገድ እንደ ቀረ ይጠየቃል። የተሮጠው ጎዳና በእርግጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን የሚጠይቅ ተመልካች ግን ጥቂት ነው። ሯጩም ቢሆን ይህን አምኖ ይነሣል እንጂ ሜትር ይዞ አይነሣም። ይህ እምነት የቆመው ስሙ በማይጠራ በአንድ ለኪ ሥራ ላይ ነው። እምነቱ በአንድ ታላቅ ከተማ እንዴት እንደ ተናጋና ከዚያም በኋላ በምን ዓይነት ዘዴ እንደ ተጠገነ የሚተርከው ታሪክ፣ በልኬት ለሚተዳደር ሙያ ባልደረቦች የቅርብ ጉዳይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኒውዮርክ ከተማ ማራቶን የተጀመረው በ1970 ነው። ያን ጊዜ ሩጫው ሴንትራል ፓርክ ከተባለው መናፈሻ አልወጣም ነበር። ከተመዘገቡት 127 ሰዎች መካከል እስከ መጨረሻው የዘለቁት 55 ብቻ ሲሆኑ፣ አንደኛ የወጣውም ጋሪ መርኪ የተባለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበር። በ1976 ውድድሩ ከመናፈሻው ወጥቶ አምስቱንም የከተማዋን ክፍሎች እንዲያቋርጥ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሯጩ ቁጥር እንደ ክረምት ወንዝ እየሞላ ሄዶ በ1981 ሩጫውን የፈጸሙት ሰዎች ከ13,000 በላይ ሆኑ።

መነሻው ስታተን አይላንድንና ብሩክሊንን በሚያገናኘው በቬራዛኖ ድልድይ ላይ ነው። መካከለኛ ርዝመቱ 1,298 ሜትር የሆነው ይህ ተንጠልጣይ ድልድይ የኦትማር አማን ሥራ ሲሆን፣ የተከፈተው በ1964 ነው። ሯጩ ገና ከመነሣቱ ዳገት ይገጥመዋል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስም ከጎን ይመታዋል። ድልድዩን ወርዶ ብሩክሊን ሲገባ ግራና ቀኝ የቆመው ሕዝብ በጩኸትና በጭብጨባ ይቀበለዋል፤ ሯጩም በዚህ ሞቅታ ተታልሎ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ወደ 25ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ የኩዊንስቦሮን ድልድይ ሲያያዘው ሕዝቡ በድንገት ይጠፋል። የሚሰማው የጫማ ኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው። ከድልድዩ ወርዶ ወደ ማንሐታን አንደኛው ጎዳና ሲታጠፍ ደግሞ ጩኸቱ እንደ ገና ይፈነዳል። ከዚያም ብሮንክስን ነክቶ ይመለስና በሴንትራል ፓርክ ውስጥ ይፈጽማል። 30ኛውን ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ በጡንቻው ውስጥ የተከማቸው ስንቅ እየተሟጠጠ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዷን መቶ ሜትር በስም የሚያውቃት ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ለሯጭ አንድ ሜትር ማለት ምን ማለት እንደሆነ በቢሮ ተቀምጦ ማስረዳት ያስቸግራል።

ጥቅምት 25 ቀን 1981 በዚህ ጎዳና ላይ አልቤርቶ ሳላዛር የተባለው የ23 ዓመት ወጣት በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ13 ሴኮንድ ገባ። ሳላዛር በሀቫና ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ነው። አውስትራሊያዊው ዴሬክ ክሌይተን በ1969 በአንትወርፕ ከሮጠበት ጊዜ ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመት ማንም ያልደፈረው ሰዓት በ20 ሴኮንድ ያህል ተሻሻለ። የክሌይተን ጎዳና ራሱ ሙሉ ርዝመት አልነበረውም የሚል ጥርጣሬ ቀድሞውኑ ይነገር ስለ ነበር፣ ብዙዎች አሁን እርግጠኛ ሰዓት ተገኘ ብለው ደስ አላቸው። በዚያው ቀን የኒውዚላንዷ አሊሰን ሮ በሴቶች በ2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ከ29 ሴኮንድ ስትገባ ይኸውም የዓለም ምርጥ ሰዓት ተባለ።

የማራቶን ርዝመት ከመነሻውም ቢሆን ጸንቶ የኖረ ነገር አልነበረም። በ1896 በአቴና የተሮጠው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ የምናውቀው ርዝመት የመጣው በ1908 ከለንደን ኦሊምፒክ ሲሆን፣ መነሻው በዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው በስታዲዮሙ በንጉሣውያኑ መቀመጫ ፊት እንዲሆን በመፈለጉ የተገኘ ልክ ነው። በዚያ ውድድር ጣሊያናዊው ዶራንዶ ፒየትሪ ስታዲዮም ከገባ በኋላ ደጋግሞ ወድቋል። የቀረውን ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ለመጨረስ አሥር ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ በመጨረሻም ሰዎች ደግፈው ስላነሡት ድሉ ተሰረዘበት። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር ይህንኑ 42.195 ኪሎ ሜትር ያጸናው በ1921 ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን በወረቀት ማጽናት አንድ ነገር ነው፤ በአስፋልት ላይ ማስፈር ሌላ ነው። ስመ ጥሩው የቦስተን ማራቶን እንኳ በመንገድ ሥራ ምክንያት ጎዳናው በየስፍራው እየተቃና ሄዶ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጎድሎ ነበር። ፊንላንዳዊው አንቲ ቪስካሪ በ1956 በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ14 ሴኮንድ ሲያሸንፍ የሰዓቱ ማጠር አጠራጠረና ጎዳናው እንደ ገና ተለካ። በተስተካከለው ጎዳና ላይ በ1957 ያሸነፈው ጆን ኬሊ የገባው በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ5 ሴኮንድ ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ጎዳና የሚለካው በመኪና ቆጣሪ ነበር። ይህ ዘዴ ለነዳጅ ሒሳብ ይበቃ እንደሆነ እንጂ ለውድድር አይበቃም። ችግሩን በጥሞና ከመረመሩት መካከል በእንግሊዝ ጆን ጄውል፣ በአሜሪካ ደግሞ ቴድ ኮርቢት በግንባር ይጠቀሳሉ። ኮርቢት በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ ማራቶን የሮጠ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ሙያው የአካል ሕክምና ነበር። የኒውዮርክ ሯጮች ማኅበር የመጀመሪያ ሊቀ መንበርም እርሱ ነው። ጄውል በ1961፣ ኮርቢትም በ1964 የደረሱበት ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም ከሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ የሚሻለው ልኩ በተረጋገጠ ቢስክሌት መለካት እንደሆነ ነው። በ1971 መሐንዲሱ አለን ጆንስ በፊተኛው ጎማ እምብርት ላይ የሚገጠም ትንሽ ቆጣሪ ሠራ። ቆጣሪው ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር 20 ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንዱ ቁጥር ከ10 እስከ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው እጅግ ቀላል ነው፤ ትክክለኛነቱ ግን ከብዙ ውድ መሣሪያ አይተናነስም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ቢያንስ 300 ሜትር በብረት ሜትር ተለክቶ በሁለቱም ጫፍ ምስማር ይመታል። ብረት በሙቀት ስለሚረዝምና በብርድ ስለሚያጥር ልኩ ወደ 20 ዲግሪ ሙቀት ይመለሳል፤ የ10 ዲግሪ ልዩነት ሳይታረም ቢቀር በሙሉው ማራቶን ላይ አምስት ሜትር ያህል ያሳስታል። ከዚያም ለኪው በዚህች መንገድ ላይ አራት ጊዜ በቢስክሌት ይመላለሳል። የውድድሩን ጎዳና ለክቶ ሲጨርስ ደግሞ ተመልሶ አራት ጊዜ ይደግማል። የሚደግምበት ምክንያት በጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ጧት በብርድ የተነሣ ጎማ ፀሐይ ሲሞቅ ይነፋል፤ ክቡም ይሰፋል፤ ስለሆነም ለዚያው ርቀት የሚቆጥረው ቁጥር ያንሳል። ሥራው ተሽከርካሪ በማይበዛበት በሌሊት ወይም ገና ሳይነጋ ቢሠራ ይመረጣል።

የኒውዮርክ ጎዳና በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ እንደ ገና ሲለካ ውጤቱ በ1985 መጀመሪያ ገደማ ታወቀ፤ በ1981 የተሮጠው ጎዳና 148 ሜትር ጎደለ። ሒሳቡን ማንም መሐንዲስ በወረቀት ጫፍ ላይ ሊያወጣው ይችላል። ሳላዛር በሴኮንድ 5.48 ሜትር ያህል ይሮጥ ነበርና 148 ሜትር ለእርሱ 27 ሴኮንድ ነው። ቢጨመርበት 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሆናል፤ ይህም ከክሌይተን ሰዓት ኋላ ነው።

ማንም ሳይከረክም፣ ማንም ሳያታልል ጎዳና ሊያጥር የሚችለው እንዴት ነው? መልሱ ለኪው የተከተለው መስመርና ሯጩ የሚከተለው መስመር ሊለያዩ መቻላቸው ነው። አንድ 12 ሜትር ስፋት ያለውን መንገድ እንውሰድ። ለኪው አካፋዩን መስመር ይዞ ቢሄድ፣ ሯጩ ግን ከመንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ቢታጠፍ፣ በአንድ የ90 ዲግሪ መታጠፊያ ብቻ ዘጠኝ ሜትር ያህል ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉ አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት መታጠፊያዎች ሲደመሩ 148 ሜትር ይሞላሉ። ለዚህም ነው የዛሬው ደንብ ለኪው ሯጭ ሊሮጥበት በሚችለው እጅግ አጭር መስመር እንዲሄድ፣ በመታጠፊያም ከጠርዙ 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ እንዲርቅ የሚያስገድደው። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ የቬራዛኖ ድልድይ ሁለት ማማዎች የምድርን ክብነት በማሰብ ከሥራቸው ይልቅ በጫፋቸው 41 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ተሠርተዋል። 41 ሚሊ ሜትር ከታሰበበት ድልድይ ላይ ተነሥቶ 148 ሜትር የጎደለው ሩጫ መሮጡ ሙያተኛን ፈገግ ያሰኛል።

ውሳኔው ግን ለሯጮቹ ፈገግታ አልነበረም። የሳላዛርም የአሊሰን ሮም ሰዓት ከመዝገብ ወጣ። የወንዶቹ ክብር በታኅሣሥ 1981 በጃፓን በፉኩኦካ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ18 ሴኮንድ ለሮጠው ለአውስትራሊያዊው ሮበርት ዴካስቴላ ተሰጠ። ዴካስቴላ ድሉን በሮጠ ጊዜ ሳይሆን ከሦስት ዓመት በኋላ አገኘው ማለት ነው። ከዝነኞቹ ይልቅ የሚያሳዝነው ግን ከኋላ የነበረው ሕዝብ ነው። በአራት ሰዓት ለሚጨርስ ሯጭ 148 ሜትር 50 ሴኮንድ ያህል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ከሥራ በፊት በጨለማ እየተነሣ ተለማምዶ በ3 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ የገባ ሰው፣ ከአራት ሰዓት በታች ሮጥኩ ብሎ ለልጆቹ የተናገረው ቃል እርሱ በማያውቀው ጉድለት ሐሰት ሆነበት። ስሙ በጋዜጣ ስላልወጣ የሚያርምለትም አልነበረም። በኒውዮርክ ከሳላዛር የፈጠነ ሰዓት በታረመው ጎዳና ላይ የተገኘው ታንዛኒያዊው ጁማ ኢካንጋ በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ1 ሴኮንድ በገባበት በ1989 ነው። ይህንንም በ2001 ያሻሻለው ኢትዮጵያዊው ተስፋዬ ጅፋር ሲሆን፣ ሰዓቱ 2 ከ7 ደቂቃ ከ43 ሴኮንድ ነበር። በ2023 ደግሞ ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ ገብቷል።

ከዚህ ትምህርት የተገኘው መፍትሔ አንድ በሺህ የሚባለው ጭማሪ ነው። ለኪው እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በአንድ ሜትር ያስረዝማል፤ በሙሉው ማራቶን 42 ሜትር ይጨምራል ማለት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ልኬት ሁሉ ስሕተት አለበትና ስሕተቱ ወደ መርዘም እንጂ ወደ ማጠር እንዳያዘነብል ማድረግ ነው። መሐንዲስ ለምሰሶው የደኅንነት ትርፍ እንደሚተው ያለ ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ሯጩ ነው፤ ፈጣኑ ስምንት ሴኮንድ ያህል ይከስራል። በዛሬው ጊዜ ሯጮች በእጃቸው በሚያስሩት ከሳተላይት ምልክት በሚቀበል ሰዓት 42 ኪሎ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ እያነበቡ ጎዳናው ረዝሟል ብለው ያማርራሉ። ይህ ማማረር አብዛኛውን ጊዜ መሠረት የለውም። በሕዝብ መካከል የሚሮጥ ሰው አጭሩን መስመር ይዞ መሄድ አይችልም፤ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከልም የሳተላይቱ ምልክት ይዛባል። ቢስክሌቱ ከሰዓቱ ይልቅ ይታመናል።

የርዝመት መሟላት ብቻውንም አይበቃም። መነሻው ከመድረሻው እጅግ የራቀ ወይም ቁልቁለቱ የበዛ ጎዳና ለክብረ ወሰን አይታሰብም። በሚያዝያ 2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በቦስተን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ ሲገባ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በበርሊን ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ሳይነካ የቆየው በዚህ ደንብ ነው። ከዚያ ቀደም በላይነህ ዲንሳሞ በ1988 በሮተርዳም የሮጠው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ለአሥር ዓመት የጸናው ጎዳናዎች በጥንቃቄ መለካት ከጀመሩ በኋላ በመሆኑ፣ ማንም ሜትር ይዞ ሊከራከረው አልተነሣም።

ያም ሆኖ ደንብ መኖሩ ሥራውን አይሠራም። በእንግሊዝ አገር በማንቸስተር ከተማ በ2013፣ በ2014ና በ2015 የተሮጡት ሦስት ማራቶኖች እያንዳንዳቸው 380 ሜትር እንደ ጎደሉ በ2016 ተገለጠ። ሰዓታቸው ዋጋ ያጣባቸው ሯጮች 24,000 ያህል ነበሩ። የአራት ሰዓቱ ሯጭ በዚህኛው ያጣው ሁለት ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ነው።

አሁን ክብረ ወሰን ይጠበቅበታል በሚባል ውድድር ላይ ጎዳናውን የለካው ሰው ከመሪዎቹ ፊት በሚሄደው መኪና ላይ ይቀመጣል። ተመልካቹ የሯጮቹን ፊት ሲያይ እርሱ የሚያየው እግራቸውን ነው፤ አጥሩ በሌሊት ካስቀመጡበት ስፍራ መነሣት አለመነሣቱን፣ በየመታጠፊያውም እግራቸው በየትኛው ጠርዝ በኩል እንዳለፈ በማስታወሻው ይጽፋል።